«ፎርማት ይደረግ!» ከመባሉ በፊት

የቤት ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን የሚያጋጥመው ነገር አለ። እንደ ወትሮው ማብሪያውን ይጫናል፤ መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ከዚያ ግን የለመደው ሥዕል በመምጣት ፋንታ በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል። ጽሑፉ እንዲህ የሚባል ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል ይላል። ባለቤቱ አንብቦ አይጨርሰውም። ያጠፋዋል፤ መልሶ ያበራዋል፤ ያው ነው። በማግስቱ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያም ምን እንዳጋጠመው ሳይጠየቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ያ መስመር እንኳ ሳይነበብ ፍርዱ ይሰጣል፤ «ፎርማት ይደረግ!»

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የችኮላ ፍርድ መቃወም ነው። ፎርማት ማድረግ ፈጽሞ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ጊዜና ቦታ አለው። ነገር ግን ምን እንደታመመ ሳይታወቅ የሚሰጥ የመጀመሪያ መድኃኒት ሲሆን፣ ጉዳቱ በሃርድ ዲስኩ ላይ ብቻ ሳይወሰን በአስተሳሰባችንም ላይ ይደርሳል ብለን እናምናለን። ለምን እንዲህ እንደምንል ሁለት ገጠመኞቻችንን በማቅረብ እንጀምር።

አንድ መልእክት፣ ሁለት ዕጣ

ጊዜው 2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በማዘጋጀት ላይ የነበረ አንድ ተማሪ ፊቱ ጠቁሮ ወደ እኛ መጣ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለሦስት ወራት በየሳምንቱ ከአንድ ወንዝ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ናሙና እየቀዳ፣ የውኃውን የአሲድነት መጠንና በውስጡ የሟሟውን ኦክሲጅን እየለካ፣ ውጤቱን በቤቱ ኮምፒዩተር ይመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒዩተሩ አልነሳ አለ። በስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት «ኤንቲኤልዲአር» የተባለው ፋይል አልተገኘም የሚል ነበር። ተማሪው ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያው «ወንድሜ፣ ሲ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀው። ተማሪውም «የለም፤ የእኔ ጽሑፍ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ነው» ብሎ መለሰ። ባለሙያው ከመልሱ የሰማው «የለም» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

ዴስክቶፕ የምንለው ግን ራሱን የቻለ ቦታ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ስለምናየው ከሲ ውጭ ያለ ይመስለናል እንጂ፣ በተለመደው አሠራር በሲ ውስጥ ከሚገኙት አቃፊዎች አንዱ ነው። ሲ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። በላዩ ላይ አዲስ ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች ተጫኑበት። የጠፉ ፋይሎችን በሚፈልግ ሶፍትዌር ብንሞክር ጥቂት ፎቶግራፎች ተገኙ፤ የልኬቶቹ ሰንጠረዥ ግን አልተገኘም። የጥቅምት ውኃ ደግሞ በየካቲት አይቀዳም። የተማሪው ምርቃት በአንድ ዓመት ተራዘመ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨን ሌላም ነገር አለ። የዚያ ኮምፒዩተር ችግር ምን እንደነበር አናውቅም፤ ልናውቅም አንችልም። ፎርማቱ ሰንጠረዡን ብቻ ሳይሆን የበሽታውንም ማስረጃ ጠርጎ ወስዶታልና።

ሁለተኛው ገጠመኝ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የመጣ ነው። አንዲት እናት የልጆቻቸው ኮምፒዩተር አልሠራ ብሎ ቤታቸው ድረስ ጠሩን። ስክሪኑ ላይ ያለው መልእክት ከመጀመሪያው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ምንም ከመንካታችን በፊት «ከመበላሸቱ በፊት ምን ተደርጎበት ነበር?» ብለን ጠየቅን። ልጃቸው «ኧረ ምንም አልነካሁም! ማታ ከጓደኛዬ ፍላሽ ዘፈን ገልብጬ፣ አጥፍቼው ተኛሁ» አለች። ፍላሹ አሁንም ከኮምፒዩተሩ ጀርባ እንደተሰካ ነበር። ነቀልነው፤ ማብሪያውን ተጫንን፤ ኮምፒዩተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ። እናትየው ቡና አፈሉልን። እኛ ግን ቡናውን ስንጠጣ ስለዚያ ተማሪ እናስብ ነበር።

የዱላ ቅብብሉ

ለመሆኑ አንድ የተሰካ ፍላሽ እንዴት አድርጎ ደህናውን ኮምፒዩተር ፋይል የጠፋበት ያስመስለዋል? ይህን ለመረዳት በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ሲበራ ይሆን የነበረውን በቅደም ተከተል መመልከት ያስፈልጋል።

የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር በበራበት ቅጽበት ዊንዶውስ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። የሚያውቀው በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተጻፈውን ባዮስ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው። ባዮስ ሜሞሪውንና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሽና በተሰጠው ተራ መሠረት የመነሻ ዲስክ ይፈልጋል። ባገኘው ዲስክ መጀመሪያ ላይ ያሉትን 512 ባይቶች ያነባል። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ አጭር ፕሮግራም፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ሰንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ መለያ ምልክት ናቸው። ያ አጭር ፕሮግራም የመነሻውን ክፍል ያገኝና ሥራውን እዚያ ለተቀመጠ ሌላ ፕሮግራም ያስረክባል፤ እርሱም በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ኤንቲኤልዲአርን ይፈልግ ነበር። ኤንቲኤልዲአር በበኩሉ ዊንዶውስ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ከአንዲት የጽሑፍ ፋይል አንብቦ ዋናውን የስርዓቱን አካል ይጭናል። እኛ የምናውቀው ሥዕል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህ ሂደት በስፖርት ሜዳ እንደምናየው የዱላ ቅብብል ነው። እያንዳንዱ ሯጭ ዱላውን ለሚቀጥለው ከማቀበል በቀር ሌላ ሥራ የለውም። አንዱ ከቦታው ከጠፋ ዱላው እዚያው ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ያ ነጭ መስመርም ዱላው የት ላይ እንደወደቀ የሚነግረን ምስክር ነው።

የፍላሹ ምሥጢር አሁን ግልጽ ይሆናል። ባዮሱ ከሃርድ ዲስኩ በፊት ፍላሹን እንዲመለከት ተደርጎ ስለነበር ዱላውን ለፍላሹ አቀበለ። በኤክስፒ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ደግሞ በመጀመሪያው ክፍሉ ላይ ያንኑ ኤንቲኤልዲአርን የሚፈልግ ፕሮግራም ይኖረዋል። በፍላሹ ላይ ዘፈን እንጂ ኤንቲኤልዲአር የለም፤ ስለዚህ «አልተገኘም» አለ። አልዋሸም፤ የፈለገው ግን በተሳሳተ ቦታ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኤንቲኤልዲአር መጠኑ 250 ኪሎባይት ገደማ ነው። በወቅቱ 40 ጊጋባይት በሚይዝ ሃርድ ዲስክ ላይ ብናሰላው ከ160 ሺህ እጅ አንዱን እጅ ብቻ የሚይዝ ነው። እርሱ በእርግጥ ቢጠፋ እንኳ የቀረው 159,999 እጅ በቦታው ሊኖር ይችላል። የበሩ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት ከነንብረቱ አይፈርስም። ያለምርመራ የሚደረግ ፎርማት ግን ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም።

ፋይሎቹ የት ይሄዳሉ?

የስርዓት ፋይል ያለ ምክንያት አይጠፋም። ኮምፒዩተሩ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ድርግም ሲል በግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊቀር ይችላል። ሃርድ ዲስኩ ሲያረጅ አንዳንድ ክፍሎቹ መነበብ ያቅታቸዋል። ቫይረስ የመነሻውን ክፍል ሊለውጥ ይችላል። «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ የማያውቀውን ፋይል የሚሰርዝም አይጠፋም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጠባቂው ራሱ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2010 ማክአፊ የተባለው ኩባንያ ያሰራጨው የጸረ ቫይረስ ማሻሻያ፣ የዊንዶውስ ኤክስፒን ዋና ፋይሎች አንዱን ቫይረስ ነው ብሎ ከቦታው በማንሳቱ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ኮምፒዩተሮች በተደጋጋሚ እየጠፉ የሚበሩ ሆነው ነበር። መፍትሔው የተሳሳተውን ማሻሻያ አስወግዶ ያንን ፋይል ወደ ቦታው መመለስ ነበር።

መልእክቱም ቢሆን ሁልጊዜ የሚናገረው ቃል በቃል የሚወሰድ አይደለም። በኤክስፒ ላይ «ሃል ዲኤልኤል ጠፍቷል» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ ይወጣ የነበረው ፋይሉ በደህና እያለ፣ አቅጣጫ ጠቋሚዋ የጽሑፍ ፋይል ወደ ተሳሳተ የዲስክ ክፍል ስለምትመራ ነበር። ምስክሩን መስማት አንድ ነገር ነው፤ መመርመር ሌላ ነው። ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም እንዳልሆነ ማንኛውም የጤና ተማሪ ያውቃል።

ቅደም ተከተሉ ምን መሆን አለበት?

በእኛ አስተያየት የጥገናው ቅደም ተከተል በአንድ ቀላል መርሕ ላይ መመሥረት አለበት። ይኸውም መመለስ የሚቻለው እርምጃ መመለስ ከማይቻለው ይቅደም የሚል ነው።

መልእክቱን አንብቦ በወረቀት ላይ መገልበጥ ምንም አያስወጣም። ቀጥሎ የተሰካውን ፍላሽ፣ ሲዲና የሜሞሪ ካርድ ሁሉ አውጥቶ መሞከር፣ ከዚያም በባዮስ ውስጥ የመነሻውን ተራ መመልከት ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ስታልቅ ይህ ተራ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። ቀጥሎ ጆሮን ወደ ሃርድ ዲስኩ ማስጠጋት ነው። ደጋግሞ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ የችግሩ ምንጭ ፋይል ሳይሆን ዲስኩ ራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ ደጋግሞ እያበሩ መሞከር ጉዳቱን ያባብሰዋልና ወዲያውኑ አጥፍቶ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ዲስኩ ጤነኛ ከመሰለ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሰነዶቹን ማዳን ይቀድማል። ለዚህ ዊንዶውስ መነሳት አያስፈልገውም። እንደ ኡቡንቱ ያሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ከፍላሽ ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሳይጫኑ ይነሳሉ። በእነርሱ አማካይነት የሃርድ ዲስኩን አቃፊዎች ከፍቶ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማገናኘትም ያው ሥራ ይሠራል። ዲስክን የሚፈትሹና የሚያርሙ ትእዛዞች ዲስኩ ላይ ስለሚጽፉ ከዚህ በፊት መምጣት የለባቸውም።

ሰነዶቹ ከዳኑ በኋላ የወደቀውን ሯጭ ብቻ መተካት ይሞከራል። በኤክስፒ ላይ የመጫኛውን ሲዲ አስገብቶ የጥገናውን ገጽ በመክፈት የጠፋውን ፋይል ከሲዲው ወደ ሃርድ ዲስኩ መገልበጥና የመነሻውን ክፍል እንደገና መጻፍ ይቻል ነበር፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ኤንቲኤልዲአር በሌሎች ፋይሎች ተተክቷል። የኤክስፒ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 አብቅቷል። በዛሬዎቹ ዊንዶውሶች ኮምፒዩተሩ በተከታታይ መነሳት ሲያቅተው የጥገናው ገጽ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመጣል፤ ካልመጣም ከመጫኛ ፍላሽ ላይ ይከፈታል። የመነሻ ጥገና፣ የስርዓት ፋይሎች ፍተሻና ወደ ቀድሞ ሁኔታ መመለስ በዚያ ገጽ በኩል ይገኛሉ። ይህም ካልሠራ የግል ሰነዶችን ሳይነኩ ዊንዶውስን እንደገና የመጫን አማራጭ አለ። ፎርማት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በተለይ ቫይረስ ስርዓቱን ሥር ሰዶ ሲይዘው ተገቢው መፍትሔ እርሱ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሰነዶቹ አስቀድመው ወጥተው ነው።

ለጥገና ባለሙያዎች ፍርድ እንስጥ

ጥፋቱን ሁሉ በጥገና ባለሙያዎች ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ፎርማት ማድረግና እንደገና መጫን የሚወስደው ጊዜ አስቀድሞ የሚታወቅ ሲሆን ብዙውን ጊዜም ይሠራል። ምርመራ ግን አንድ ሰዓትም አንድ ቀንም ሊወስድ ይችላል። ደንበኛው ደግሞ «ዛሬ ማታ እፈልገዋለሁ» እያለ ይቆማል። ሙሉ ቀን መርምሮ ፍላሽ ነቅሎ የመለሰ ባለሙያ «ምን ሠራህና ነው ገንዘብ የምትጠይቀኝ?» መባሉ አይቀርም። ሁሉን አጥፍቶ አዲስ ገጽ ያሳየው ግን ይመሰገናል። ለእጅ እንጂ ለአእምሮ መክፈል ያልለመደ ደንበኛ የችኮላውን ባለሙያ ራሱ ፈጥሮታል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስለዚህ ለውጡ ከደንበኛው መጀመር ይኖርበታል። ኮምፒዩተሩን ሲያስረክብ ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፦ ዱላው የወደቀው የት ላይ ነው? ሰነዶቼ ከጥገናው በፊት ይገለበጣሉ ወይ? ፎርማት ሳይደረግ የሚሞከር ምን ቀርቷል? ለመልሱም ተገቢውን ዋጋ ይክፈል። «ሲ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ?» ተብሎ ሲጠየቅም «ሰነዶቼ የት እንዳሉ አብረን እንይ» ይበል እንጂ በግምት «የለም» አይበል።

ስምንት ሚሊዮን ተኩል ኮምፒዩተሮች

ጉዳዩ የድሮ ኮምፒዩተሮች ታሪክ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 የሆነውን ያስታውስ። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን እንዳይነሱ አደረገ። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራቸው ተስተጓጎለ። እዚህ ላይ ችግሩ የጠፋ ፋይል ሳይሆን የተበላሸ ፋይል ነበር፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። የተሰጠው መፍትሔ ኮምፒዩተሩን በጥንቃቄ ሁኔታ አስነስቶ ያንን የተበላሸ ፋይል መሰረዝ ሆነ። ዱላው የት እንደወደቀ አስቀድሞ ተጠይቆ ስለነበር፣ ሚሊዮኖችን ኮምፒዩተሮች ፎርማት ማድረግ የመጀመሪያው መፍትሔ ሆኖ አልቀረበም።

ዛሬ ደግሞ የችኮላው ዋጋ ከፍ ብሏል። በድሮው ሃርድ ዲስክ ላይ በፍጥነት ፎርማት የተደረገ ሰነድ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችል ነበር። በአሁኖቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ ግን ስርዓቱ የተሰረዘውን ቦታ ለዲስኩ ስለሚያሳውቅና ዲስኩም ራሱ ስለሚያጸዳው የመመለስ ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው። በተጨማሪም ብዙ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ሰነዶችን በምሥጢር ቁልፍ ቆልፈው ያስቀምጣሉ። በዊንዶውስ ላይ ባለ 48 አኃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ያላስቀመጠ ሰው፣ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያገናኘው እንኳ ሰነዱን ማንበብ አይችልም። ይህን ቁልፍ ዛሬውኑ ፈልጎ በወረቀት መጻፍ ነገ ከሚመጣ ኀዘን ያድናል።

ማጠቃለያ

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥገና ኮምፒዩተሩ ሳይታመም የሚደረገው ነው። የምንሳሳለት ሰነድ ሁሉ ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይኑር፤ ሁለቱ በተለያዩ ዕቃዎች ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ያ ተማሪ ሰንጠረዡን በየሳምንቱ በአንዲት ፍላሽ ላይ ገልብጦ ለጓደኛው ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ኤንቲኤልዲአር ጠፋም አልጠፋም ከጓደኞቹ ጋር ይመረቅ ነበር።

ለሳይንስ ተማሪዎች ግን ከዚህ የበለጠ የምንለው አለን። በቤተ ሙከራ ውስጥ ያልጠበቅነው ውጤት ሲመጣ ብልቃጡን አንደፋም። ምን ጨመርን? ምን ለወጥን? ብለን እንጠይቃለን፤ አንድ በአንድ እየለወጥን እንሞክራለን፤ ያየነውን እንመዘግባለን። ይህን ልማድ በር ላይ ከነጩ ጋውን ጋር ሰቅለነው የምንወጣ ከሆነ ሳይንስን ተምረነዋል ለማለት ያስቸግራል። የማይነሳ ኮምፒዩተር በየቤታችን በነጻ የመጣ የምርመራ ትምህርት ነው። ጎረቤት በችግር ሲጠራን «ፎርማት አድርጉት» ብለን ከመሄድ ይልቅ ወንበር ስበን እንቀመጥ፤ ያንን ነጭ መስመርም እስከ መጨረሻው እናንብበው።